መስቀል ያለበት ሰንጢ

ሰመራ፣ ኅዳር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት አጎቴ ለጋሼ ጌጡ
አዋሽ ሰባት ኪሎ

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ጤናዎ ተሟልቶ፣ ጉልበትዎ በርትቶ፣ ቤትዎም የሰላም ቤት ሆኖ ያግኝልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እግዚአብሔር ይመስገን ብዬም እጽፈዋለሁ፤ የማመሰግነው ያንኑ አንዱን ነው። የመጀመሪያውን ሲያዩ ወረቀቱን እንዳይቀዱት ስለፈራሁ ሁለቱንም ጻፍኩ።

ስልክ ደውዬ ነበር። ድምፄን ሲሰሙ ዘጉት። ደግሜ ስደውል «ጉዳይ ያለው ሰው ይጽፋል» ብለው ዘጉት። ስለዚህ ይኸው ጻፍኩ። ወረቀቱን የሚያመጣልዎት ካሣ ነው፤ ከጅቡቲ ወደ አዳማ ጭነት የሚያመላልሰው፣ አባቴን ያውቅ የነበረው ሾፌር። መልሱን ለእሱ ቢሰጡት ሰመራ ሲያልፍ ያደርስልኛል።

ጉዳዬ አንድ ነው። እናቴን ማየት እፈልጋለሁ። ካሣ ባለፈው ወር ግቢዎ ውሃ ሊጠጣ ገብቶ አይቷት ነበር። ከስታለች፣ ከወንበር ስትነሳ ግድግዳ ትይዛለች ብሎ ነገረኝ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ያስጠጓት እርስዎ ነዎት፤ ለዚህ ውለታዎ ክፉ ቃል ከአፌ አይወጣም። ነገር ግን ሰላሀዲንን ያገባሁ ጊዜ «ይህን ደጃፍ ሁለተኛ እንዳትረግጪ» ብለውኛል። እሷም በሰው ቤት ያለች ሴት ናትና ቃልዎን ጥሳ ነይ ልትለኝ አትችልም።

ባለቤቴ ጅቡቲ ድንበር ገላፊ ኬላ ላይ የትራንዚት ሥራ የሚሠራ፣ ከሥራው ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ነው። ይህን የምጽፈው አማቼ ይበሉት ብዬ አይደለም። ልጅቷ በምን እጅ ላይ ወደቀች እያሉ እንቅልፍ ካጡ ብዬ ነው።

በርዎን ምን ይከፍተዋል? የሚሉትን አደርጋለሁ። የእናቴን የአስካለማርያምን ፊት አንድ ጊዜ ልይ።

የወንድምዎ ልጅ
ሎዛ አምባዬ


አዋሽ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአምባዬ ልጅ

ስሙን ሁለት ጊዜ ሳይሆን አንድ ጊዜ ጠርተን የምናመሰግነው የአባቶቻችን አምላክ ባለሽበት ልቡና ይስጥሽ። እኔ ደህና ነኝ። ዕድሜዬን በባቡር ጣቢያ ጸሐፊነት ስለፈጀሁ የመጣ ወረቀት ሳይመለስለት እንዲቀር አልወድም። የመለስኩልሽ በዚሁ ልማድ ነው፤ ናፍቆት እንዳይመስልሽ።

እናትሽ አለች። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ትነሳለች። ካሣ የሚልሽን አትስሚ፤ ሾፌር ሰውን በመስኮት ማየት የለመደ ነው። ስላንቺ አንድ ጊዜ ጠይቃኝ ነበር። የሰጠኋትን መልስ ከሰማች ወዲህ አልጠየቀችኝም።

በርዎን ምን ይከፍተዋል ላልሽው አስቤበታለሁ። የአጥር ጎረቤታችን ይርገዱም ይቅር በላት እያለች ጆሮዬን በልታዋለች። ይቅርታ ግን ምልክት ይፈልጋል። ፈረንሳዩ የጣቢያ አለቃ አገሩ ሲገባ የሰጠኝን ሰንጢ ታስታውሺዋለሽ፤ ትንሽ ሳለሽ ብርቱካን እየላጥኩ ያበላሁሽ በእሱ ነው። እሱ ከጠፋብኝ ቆየ። አሁን ከጅቡቲ የሚመለሱት ሾፌሮች ኪስ ውስጥ ሌላ ሰንጢ አያለሁ። እጀታው ቀይ ነው፤ እጀታው ላይ ነጭ መስቀል አለበት። የክርስቲያን አገር ሰው እንደሠራው ሲያዩት ያስታውቃል። እሱን እፈልጋለሁ።

ማተብሽን የበጠስሽ ቀን መስቀል ከዚህ ቤት ይዘሽ ወጥተሽ መንገድ ላይ ጣልሽው። አሁን በገዛ እጅሽ፣ በባልሽ ገንዘብ፣ መስቀል ወደዚህ ቤት መልሰሽ ታስገቢያለሽ። ያን ጊዜ ስለ መምጣትሽ እንነጋገራለን። ባልሽ ኬላ ላይ ነው ብለሻል፤ ዕቃ አይቸግራችሁም።

መስቀሉ ከሌለበት አትላኪው።

ጌጡ


ሰመራ፣ ጥር 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩት አጎቴ ለጋሼ ጌጡ

የጥምቀቱ በረከት ከራስዎ እስከ እግርዎ ይድረስዎ። ይህን ብዬ ለመመረቅ የሚከለክለኝ የለም፤ ሰላሀዲንም አጠገቤ ተቀምጦ ጨምሪበት ይለኛል።

ሰንጢው ተገኘ። ሎጊያ ገበያ የወጥ ቤት ቢላዋና ጊሌ የሚባለው የአፋር ጩቤ እንጂ እርስዎ ያሉትን የሚያውቅ አጣሁ። የሰላሀዲን ጓደኛ ከማሉዲን ጅቡቲ ይኖራል፤ እሱ በኢንተርኔት ከሚሸጥ ሱቅ በስልኩ አዘዘልን። ምስሉን እኔ ራሴ ነኝ የመረጥኩት። አንድ ሰው መዳፉ ላይ አጋድሞት ይታያል፤ ቀይ ነው፣ መስቀሉም ጥርት ብሎ ነጭ። የገዙት ሰዎች ሁሉ አምስት ኮከብ ሰጥተውታል። በመርከብ እስኪመጣ ሌሊት እየነቃሁ ስልኬን እከፍትና የት እንደደረሰ አያለሁ። ሰላሀዲን «ለኒካሃችን እንኳ እንዲህ አልተጨነቅሽም» ብሎ ሳቀብኝ።

ገላፊ ላይ ተቀብሎ ሲያመጣልኝ ካርቶኑ ታሽጎ ነበር። ከፍተን እንየው ብሎኝ ነበር፤ ሥራው ነውና የታሸገ ዕቃ ሳይፈተሽ ሲያልፍ ደስ አይለውም። እኔ ግን እንቢ አልኩ። የጋሼ እጅ ነው መጀመሪያ የሚከፍተው አልኩት። ላዩ ላይ ስምዎን በእጄ ጽፌበታለሁ።

ለእናቴ ቴምር አለ፤ ለስላሳው ነው፣ ድዷን አያስቸግራትም። እባክዎ እኔ የላክሁት መሆኑን ይንገሩልኝ።

ያሉኝን አድርጌያለሁ። ቀኑን ይንገሩኝ፤ ሻንጣዬን እይዛለሁ።

ሎዛ


አዋሽ፣ የካቲት 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአምባዬ ልጅ

ሁሉን በልኩ የፈጠረ ጌታ ለሁላችንም ልካችንን ያሳውቀን። ዕቃሽ ደርሷል። ስለ ዕቃሽ ልንገርሽ።

ካርቶኑ ጫማ ይይዛል። ይርገዱን ጠራሁ፤ የሰበካ ጉባኤው ሰብሳቢም ሊጠይቁኝ መጥተው ነበርና እሳቸውም አብረው ተቀመጡ። የወንድሜ ልጅ መስቀል ልካለች ብዬ በኩራት አወራኋቸው። ከፈትኩት። ውስጡ ወረቀት አለ። ወረቀቱ ውስጥ አየር የተሞላ ላስቲክ አለ። ላስቲኩ ውስጥ ሌላ ካርቶን አለ። እዚያ ውስጥ ትንሿን ጣቴን የሚያክል ነገር ተኝቷል። ይርገዱ «የቁልፍ መያዣ ነው?» አለች። ሰብሳቢው ጢማቸውን ይዘው ወደ ውጭ ያዩ ነበር። ምስሉ ላይ መዳፍ አቋርጦ ተጋድሟል ብለሻል። የማን መዳፍ እንደነበረ ሻጩን ጠይቂልኝ፤ የአራስ ልጅ መሆን አለበት።

ልከፍተው ስል ጥፍሬን ገነጠለው። መፋቂያ ልቆርጥበት ሞከርኩ፤ እንጨቱን ላሰው እንጂ አልቆረጠውም። ብርቱካን ላይ ሞከርኩ። ልጣጩን ደፍጥጦ ውሃውን ዓይኔ ውስጥ ረጨውና ተመልሶ ጣቴ ላይ ታጠፈ። ከእኔ በቀር የቆረጠው ነገር የለም።

ወደ መስቀሉ ልምጣ። መስቀሉ የተሠራ አይደለም፤ የተለጠፈ ወረቀት ነው። የአዋሽን ሙቀት ታውቂዋለሽ። ከሰዓት በኋላ ኪሴ ከትቼው ከሰብሳቢው ጋር ወጣሁና ስመለስ ባየው መስቀሉ አውራ ጣቴ ላይ ተለጥፏል። እጀታው ባዶውን ቀርቷል። ሰብሳቢው ፊት ነው ይህ የሆነው። ላኪውን አውቃታለሁና አልገረመኝም፤ አንገቷ ላይ ያልጸና መስቀል እጀታ ላይ እንዴት ይጸናል?

ወደ አጥሩ ልወረውረው ስል እናትሽ ስጠኝ አለች። ሰጠኋት፤ ለምንም አይሆንም ብዬ። ካርቶኑንም ለምና ወሰደች። ስሜን የጻፍሽበትን ጎን ቀድዳ ትራሷ ሥር አስቀምጣዋለች። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ካርቶን ታነባለች። ቴምሩን ትንሽ ቀመሰችው። ያንቺ መሆኑን አልነገርኳትም ነበር፤ ራሷ አወቀች።

የተዋዋልነው በመስቀል ነው፤ የመጣው ሙጫ ነው። ስለ መምጣትሽ የምንነጋገረው የለንም። ጾሙም እየቀረበ ነው። ከፋሲካ በኋላ እናያለን።

ጌጡ


ሰመራ፣ መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩት አጎቴ ለጋሼ ጌጡ

ዘንድሮ ጾማችን በአንድ ቀን ገባ። እርስዎ ዐቢይ ጾምን፣ እኔ ረመዳንን። በዚህ ሙቀት ውሃ ሳልቀምስ ውዬ ማታ ሳፈጥር እናቴ ደግሞ ዘይት ብቻ የነካውን ወጥ እየበላች ይሆናል እላለሁ። የሁለታችንንም ጾም የሚቀበል ይቀበለን።

ስለ ሰንጢው ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሰው ፊት እንዳፈሩ ሳነብ እኔም አፈርኩ። ለሱቁ ጻፍኩለት። «ውድ ወዳጃችን፣ በማዘንዎ እጅግ አዝነናል» ብሎ መለሰና ሰንጢውን ከማስመሪያ አጠገብ አድርጌ ፎቶ እንድልክ ጠየቀኝ። ሰንጢው እኔ ጋ የለም ብዬ ብጽፍለት ደግሞ በማዘኔ አዘነ። በመጨረሻ ልኩ ከምስሉ ሥር በትንሹ ተጽፎ እንደነበር አሳየኝ። እውነቱን ነው፣ ተጽፏል። እኔ መስቀሉን ሳይ ቁጥሩን አላየሁም። ሌላ ዕቃ ስገዛ ይቀንስልኛል፤ ለአገልግሎቱም ኮከብ እንድሰጠው ለመነኝ።

ሌላ ሰንጢ አስፈልጋለሁ። ካስፈለገ ከማሉዲን ራሱ ጅቡቲ ከተማ ሱቅ ለሱቅ ዞሮ፣ በእጁ ይዞ፣ መስቀሉን በጥፍሩ ፍቆ አይቶ ይግዛልዎት።

ግን ጋሼ፣ ካሣ ባለፈው ሲያልፍ እናቴን አላያትም። ግቢው ገብቶ ሳለ ከግድግዳው ወዲያ ሳሏን ሰማ እንጂ አልወጣችም አለኝ። ሰውየው መሬት መሬት እያየ ነው ያወራኝ። ሰንጢው የኔ ጥፋት ነው፣ መስቀሉም የኔ ጥፋት ነው፣ ሁሉንም እኔ ላይ ይጻፉት። እናቴ ግን ዕቃው ካልተወደደ የምትከለከል ሽልማት አይደለችም። ፋሲካ ሩቅ ነው። ግቢው አልገባም። ይርገዱ ደግፋ በር ድረስ ታውጣትና እኔ አስፋልቱ ላይ ቆሜ ልያት። ድምፅ አላወጣም። እርስዎም ቤት ውስጥ መሆን ይችላሉ።

እየለመንኩዎት ነው። ይህን ቃል ለባሌም ተናግሬው አላውቅም።

ሎዛ


አዋሽ፣ መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሎዛ

ጤና ይስጥልኝ። ወረቀትሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ልመና ጌታንም ደስ ያሰኘዋል።

ሰንጢው ይቅር፤ በዚህ ዕድሜዬ ምን እቆርጥበታለሁ? በምትኩ ሌላ ነገር ላኪልኝ። ከጅቡቲ ጥሩ አቡጀዲ ይገባል ሲሉ እሰማለሁ። እዚህ ገበያ ያለው ስስ ነው፣ አንዴ ሲታጠብ ይበጫጨቃል። ነጭ ይሁን፣ ወፍራም ይሁን፣ ስፋቱም አይጠር። ነጭ ጠንካራ ክርም ጨምሪበት። ለቤት ጉዳይ ነው። ምስል አይተሽ እንዳትገዢ፤ በእጅሽ ዳስሺው። እንዳይዘገይ።

ለዳግማ ትንሣኤ ነይ። በሩን እከፍትልሻለሁ።

አጎትሽ ጌጡ


ሰመራ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለጋሼ ጌጡ

የደጉን ቀን ደጅዎን የሚያንኳኳ ሁሉ መልካም ወሬ ይዞ ይምጣልዎት። «ለልጄ ለሎዛ» ብለው ጽፈውልኛል። ስሜን ከጻፉልኝ ስንት ዓመት ሆነ? ወረቀቱን ለሰላሀዲን አነበብኩለት። ዒድ ዛሬ ነው እንዴ አለኝ፤ ዒድ ካለፈ ሦስት ቀኑ ነበር።

አቡጀዲው ይኸው። ከማሉዲን ከጅቡቲ ላከው፤ ምስል አላየሁም፣ ዳስሼዋለሁ፣ ጠርዙን ይዤ ስቤዋለሁ፣ ጥርሴም ውስጥ አስገብቼ ሞክሬዋለሁ። የአልጋ ልብስ ሊያደርጉላት እንደሆነ ገምቼ ስፋቱን ጨመርኩ። ለበዓሉ ነጭ ነገር ላይ ብትተኛ ደስ ይላታል። ጥሬውን መላክ አላስቻለኝም። አጥቤ፣ ኩታ ገጠም አድርጌ፣ ጠርዙን ዙሪያውን በእጄ ዘምዝሜዋለሁ። የስፌቱ መስመር አንድ ቦታ ላይ ጠምዘዝ ብሏል፤ መብራት ጠፍቶብኝ ነው። ክሩንም ጨምሬያለሁ።

ለዳግማ ትንሣኤ እመጣለሁ። ስንቄን ይዤ ስለምመጣ ለእኔ ብላችሁ አትቸገሩ፤ ከቤታችሁ ሥጋ አለመብላቴ ቅር ካሰኘዎት ደግሞ ሽሮ እበላለሁ። የምተኛው እናቴ እግር ሥር ነው። ጠጉሯን አጥቤ እሠራላታለሁ። አለመምጣቴን አለመፈለግ አድርጋ ይዛው እንደሆነ ያን ሁሉ እነግራታለሁ። እርስዎንም ክፉ አድርጌ አልነግራትም።

ትናንት ለይርገዱ ደውዬ እናቴ እንዴት ናት ብላት እየጠበቀችሽ ነው አለችኝ። እባክዎ ጋሼ፣ እንደምመጣ ይንገሯት። ቀኑን ይንገሯት።

ልጅዎ ሎዛ


አዋሽ፣ ሚያዝያ 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአምባዬ ልጅ

ከሙታን የተነሣው ጌታ የበዓሉን ደስታ በየቤታችን ያሳድርልን። ፋሲካን በደህና ውለናል። ስለ ሰንጢሽ ሳልጨርሰው የቀረሁት ቅሬታ ስላለ ዛሬ ልጨርሰው።

በየካቲቱ ወረቀቴ መፋቂያና ብርቱካን አልቆርጥ ማለቱን ጽፌልሽ ነበር። ክር ላይ አልሞከርኩትም ነበር። አሁን ተሞክሯል።

እናትሽ ሰንጢውን ትራሷ ሥር ታኖረው ነበር። በኋላ ትራሷ ሥር መሆኑም አላጠግብ ብሏት በእጇ ጨብጣው ትተኛ ጀመር። ካህኑ ሊያቆርቧት ሲመጡ እንኳ አልለቅም አለች። ከሆሳዕና በፊት ባለው ሐሙስ ስታርፍም ይዛው ነበር። ይርገዱ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈልቅቃ ነው ያወጣችው። ሰሙነ ሕማማት ሳይገባ ማረፏ ደግ ነው፤ ፍትሐቷ በወጉ ተደረገላት።

ሲገንዟት ክሩን የሚቆርጡበት ፈለጉ። ቢላዋው ማድ ቤት ነበር፤ ሰንጢው አጠገባቸው ስለነበር እሱን አነሱ። አልቆረጠም። ገዝግዘው ገዝግዘው ክሩ ተንጨፈረረ እንጂ አልተበጠሰም። ሰው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። በመጨረሻ ይርገዱ ጎንበስ ብላ በጥርሷ በጠሰችው። እንዲህ ያለ ዕቃ ነው የላክሽልን።

አቡጀዲው ግን ጥሩ ነው። ስፋቱ ተርፏል። የዘመዘምሽው ጠርዝም አልተተረተረም፤ ጠማማው ቦታ እግሯ በኩል ስለዋለ አይታይም። ስለ አቡጀዲው ቅሬታ የለኝም።

መርዶ በወረቀት እንደማይነገር አውቃለሁ። ማለዳ ነው፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ደግፎ ይዞ። ለአንቺ ማንን እልካለሁ? የኛ ሰው ያንቺን ደጅ አያንኳኳም፤ እኔም እግሬ አይችልም። ለጎረቤቱ ሁሉ ግን የሚያረዳት ሰው ልኬያለሁ ብያለሁ፤ ስለዚህ ማንም አይደውልልሽም። እንደምትመጪ አልነገርኳትም። በመጨረሻው ሰሞን ስምሽን ትጠራ ነበር፤ መልስ የሚሰጣት ስታጣ ተወችው።

ለዳግማ ትንሣኤ መምጣትሽ አያስፈልግም። ልታያት የፈለግሻት ሰው የለችም፤ በሩም እንደነበረው ነው። ሰንጢሽን በዚህ ወረቀት ውስጥ ጠቅልዬ መልሼልሻለሁ። ለሻጩ መልሺለት። ኮከቡንም እንዳትረሺበት።

ጌጡ


ሰመራ፣ ግንቦት 26 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጌጡ

ሰላምታ የለኝም።

ወረቀትዎ የደረሰኝ በሬ ላይ ቆሜ ነው። ሻንጣዬ እግሬ ሥር ነበር፤ በማግስቱ ከካሣ ጋር ወደ አዋሽ ልሳፈር ነበር። ካሣ ከመኪናው ሳይወርድ ወረቀቱን በመስኮት ሰጠኝና ነድቶ ሄደ። ሰመራ ሲደርስ ሻይ ሳይጠጣ ሄዶ አያውቅም። እኔ ጭነት አስቸኩሎት ይሆናል አልኩ። ወረቀቱን ስከፍት ሰንጢው እግሬ ላይ ወደቀ። ጎንበስ ብዬ አንስቼው፣ በአንድ እጄ እሱን ይዤ፣ ስለ መፋቂያና ስለ ብርቱካን እያነበብኩ ፈገግ ብዬ ነበር። ይህን እንዲያውቁልኝ ነው። ፈገግ እያልኩ ነው ሐሙስ የሚለው ቃል ላይ የደረስኩት።

የሚደግፈኝ ሰው አልነበረም፤ እንዳሰቡት ሆኗል። ሰላሀዲን ገላፊ ነበር። ጩኸቴን ሰምተው የመጡት የጎረቤት አፋር ሴቶች ናቸው። አማርኛ የሚያውቁት ጥቂት ነው፤ እናቴን አያውቋትም፣ ስሟንም አያውቁም። አንዷ ነጠላዬን አንስታ ራሴን ሸፈነችኝ። ሌላዋ ልጅ እንደሚያባብል ሰው ጀርባዬን ትመታለች። ሸራ ዘርግተው እኔ ዘንድ ሰነበቱ። ሰላሀዲን ሲደርስ ከወንዶቹ ጋር ውጭ ተቀመጠ። ማታ ማታ እናቴ ምን ትወድ እንደነበር ይጠይቀኛል። ብርቱካን አልኩት። ከዚያ ወዲህ ብርቱካን ቤታችን አልገባም።

ከፋሲካ በፊት በነበሩት ቀናት ለይርገዱ ደውዬ ነበር። እናቴን አቅርቢልኝ ብላት «ተኝታለች» አለችኝ። እኔም አትቀስቅሻት፣ ትረፍ፣ ልመጣ ነው አልኳት። ይርገዱን አልቆጣትም። የሚያረዳኝ ሰው መንገድ ላይ ያለ መስሏት ነው፤ የእርስዎን ቃል አምና ነው። ካሣንም አልቆጣውም። መርዶ በመስኮት መስጠት ከብዶት ሸሸ እንጂ ምን እንደተሸከመ ያውቅ ነበር። የምቆጣው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ያነበዋል።

አሁን ስለ ሰንጢው እኔም የምለው አለኝ። ሰላሀዲን በረሃ ወስጄ ልወርውረው አለኝ። ከለከልኩት። ሰርዶ ከተማ የጊሌ ስለት የሚያወጣ ሽማግሌ አለ፤ ይዤለት ሄድኩ። ልኩን አይቶ ሳቀ። ከዚያ ጥፍሩ ላይ ሞከረውና ብረቱ ክፉ አይደለም፣ ሲሠራ ሳይሳል ነው የወጣው አለኝ። ደህና አድርጎ ሳለው። አንድ ሞረድ ነበር የጎደለው። እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ሰንጢ በኪስዎ ይዘው የኖሩ ሰው ሞረድ ላይ ለመጫን አላሰቡም። ሰው ሰብስበው መሳቁ ነው የታየዎት። እናቴ ግን ባይቆርጥም ያዘችው። ከእጄ የወጣ ስለመሰላት ያዘችው፤ እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ ነክቼው አላውቅም ነበር። የእርስዎ እጅ እንዲቀድም ብዬ።

አንድ ነገር ልንገርዎትና ላብቃ። ልጅ የለዎትም። አባቴ ሄዷል፣ እናቴም ሄዳለች። ከዘርዎ እዚህ ምድር ላይ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ስለዚህ ሲሞቱ የሚነገረው ለእኔ ነው። ለይርገዱ ነግሬያታለሁ፣ ለካሣም ነግሬዋለሁ። ለእኔ ብለው ጎህ እንዳይጠብቁ። ሰው እንዳይሰበስቡ። ምሳ እየበላሁ ቢሆንም በስልክ ይንገሩኝ፤ እጄን ከሳህኑ አላነሳም።

ያን ቀን በሩን የሚዘጋብኝ አይኖርም። ግቢው እገባለሁ፣ እናቴ የተኛችበትን ክፍል አያለሁ፣ ካርቶኑን ከትራሷ ሥር አወጣለሁ። አቡጀዲ ይዤልዎት እመጣለሁ፤ ስሱን፣ አንዴ ሲታጠብ የሚበጫጨቀውን። ጠርዙን አልዘመዝመውም። ክሩን በጥርሷ የምትበጥስልዎት ሰው ፍለጋ ማንም አይቸገር፤ ሰንጢውን እስከዚያው አስቀምጬዋለሁ። ትንሽ ነው፣ ምስሉን አይመስልም፣ መስቀልም የለበትም። አሁን ግን ይቆርጣል።

የአስካለማርያም ልጅ
ሎዛ